የልጆችን እንቅልፍ ለትምህርት ቤት ማስተካከል፦ ቀስ በቀስ ወይስ በአንዴ?

ትምህርት ሊከፈት ነው፣ ልጆቹ ግን ገና አምሽተው እየተኙ አርፍደው እየተነሱ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ታዲያ እንዴት እንመልሳቸው?

ቀስ በቀስ፦ ሁለት ሳምንት ሲቀር ይጀመራል። በየሁለት ቀኑ መኝታውንም መነሻውንም 15 ደቂቃ ማስቀደም ነው። ልጁ ብዙም አይታወቀውም። የሚከብደው ለወላጅ ነው፤ አንድ ምሽት እንግዳ ይመጣል፣ ጨዋታው ይደራል፣ በቃ፣ የሳምንቱ ልፋት ገደል ገባ (እኛ ቤት ሁለት ጊዜ ደርሷል)።

በአንዴ፦ ሦስት አራት ቀን ሲቀር በጊዜ መቀስቀስ። ዕቅድ አይፈልግም፣ ለቅሶ ግን አይቀርም። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ማታ ላይ ነው፤ ልጁን በግድ አልጋ ውስጥ ከትተን “ተኛ!” እንላለን፣ እሱ ደግሞ እንቅልፉ ስላልመጣ ውሃ ጠማኝ፣ ሽንቴ መጣ እያለ ይመላለሳል። ይልቅ ጠዋት ቀስቅሱት፣ መጋረጃውን ክፈቱ፣ የቀን እንቅልፍ አታስረዝሙበት። የጠዋት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል። አደጋው? ካልተሳካ የመጀመሪያው ቀን ላይ አዲስ መምህር ፊት የሚያንጎላጅ ልጅ መላክ ነው።

አንደኛ ክፍል ለሚጀምር፣ ለውጥ ለሚረብሸው ወይም ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ያህል ለተዛባ ልጅ ቀስ በቀሱን እመርጣለሁ። ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ካልበለጠና ልጁ ትምህርት ቤት የለመደ ከሆነ በአንዴውም ያስኬዳል። አንድ ሳምንት ብቻ ከቀራችሁ ደግሞ በየቀኑ 15 ደቂቃ ሞክሩ። በሁለቱም መንገድ ግን ስልክና ቴሌቪዥን ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ይዘጋ፣ የእናንተም ጭምር።