ነጭሳር ላገኘነው ስካውት፣ እግዜር ይስጥልን

ነጭሳር ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ይህን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። በተለይ አቅም ያነሳቸው እናት ወይም አባት ያላችሁ። እኔ እናቴን ይዤ ሄጄ ነበር፤ እዚያ ያገኘነው አንድ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ያደረገልንን ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል።

ስሙን አልጽፍም። "የተቀጠርኩበትን ነው የሰራሁት፣ ስሜን ተይው" ብሎኛል፤ ቃሉን አከብራለሁ። ግን አርባ ምንጭ፣ ፓርኩ ጽህፈት ቤት ሄዳችሁ "ዓይናቸው የደከመውን እናት ሜዳው ድረስ ይዞ የሄደው የትኛው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ይነግሯችኋል።

እማዬ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። ሐኪሞቹ ግፊት ነው ይላሉ፤ ዝርዝሩ ብዙም አልገባኝም። እሷ የምትለው "ብርሃንና ጥላ እለያለሁ፣ ቀረብ ያለውን ደግሞ በቅርጹ አውቀዋለሁ" ነው። ገና ሙሽራ ሳለች አርባ ምንጭ ኖራለች። አባዬ መንገድ ስራ ላይ ነበር። ሴቻ ሰፈር ቤት ተከራይተው፣ ከደጃፋቸው ቁልቁል ሁለቱን ሐይቆች ያዩ ነበር፤ አባያ ቀላ ያለ፣ ጫሞ ሰማያዊ። በመሃላቸው የተጋደመውን የእግዜር ድልድይ በጣቱ እያሳየ "አንድ ቀን ያንን ተሻግረን የሜዳ አህያ አሳይሻለሁ" ይላት ነበር አባዬ። እኛ ተወለድን፣ ዝውውር መጣ፣ ኑሮ መጣ። ሳያሳያት አረፈ። እሷ ይህን ወሬ ብዙ አታነሳውም። ያነሳችው ቀን ግን ሆዴ ይባባል።

እና ላሳያት ተነሳሁ። መጀመሪያ የሄድነው ግን ነጭሳር አልነበረም።

ጉዞ አዘጋጅ ነኝ ካለ ሰው ጋር ተስማማን። ስሙንም ድርጅቱንም አልጠራም፣ ፈጣሪ ይፍረደው። "ነጭሳር ሩቅ ነው፣ መንገዱንም እናትሽ አይችሉትም። እዚሁ ቅርብ ቆላ ፓርክ አለ፣ የፈለግሽው እንስሳ ሁሉ አለ" አለኝ። ሙሉውን ክፍያ ቀድሞ ተቀበለ። ላንድክሩዘር ይመጣል የተባለው ቀርቶ ጎማው የተላጨ፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ ሚኒባስ መጣ። ያውም አርፍዶ። ፓርኩ ስንደርስ እኩለ ቀን ሆኗል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እንስሳ የሚባል ሁሉ ጥላ ፈልጎ ተኝቷል። ሹፌሩ ቀና እንዲሉለት ክላክስ ያስጮህ ነበር። አንዷን ግልገል የያዘች እንስሳ ሳሩ ላይ ገብቶ በመኪና ሲያባርራት "ኧረ በናትህ ተው!" ብዬ ጮህኩ። እሱ ግን ቪዲዮ እንድቀርጽለት ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ ይረሳ። የማልረሳው አንድ ነገር ነው። ቁልቁል የሚታይበት ቦታ ደርሰን ስንወርድ ሰውዬው የእማዬን በር በእጁ ገፍቶ ዘጋው። "እሳቸው እዚሁ ይቀመጡ፤ ለማያዩት ምን ያንገላታቸዋል?" አለ። እሷ እየሰማች። እማዬ ምንም አልመለሰችም። ነጠላዋን አስተካከለችና መስኮቱን ዘጋች። ወደ ቤት ስንመለስ እንቅልፍ የወሰዳት መስላ ተቀምጣ ነበር፤ እንዳልተኛች ግን አውቃለሁ። በኋላ ስለገንዘቡ ስደውል ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ ሌሎችንም ሞከርኩ። አንዱ በዶላር ነው የምሰራው አለኝ። ሌላው "አሮጊት ይዞ ሳፋሪ ምን ይባላል? ሶደሬ ውሰጃቸው" አለ። ሰው እንዴት እንዲህ ይናገራል? እማዬን እኮ አላያትም፣ አያውቃትም።

በመጨረሻ ማንንም ሳልይዝ፣ በሶዶ በኩል ራሴ አርባ ምንጭ ወሰድኳት። እዚያው ላንድክሩዘር ከነሹፌሩ ተከራየንና ፓርኩ ጽህፈት ቤት ሄድን። ጊዜው ወደ ስድስት ሰዓት ተጠግቷል። ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት ክላሹን በትከሻው ያነገተ አንድ ሰው ቀረብ አለ። ዝቅ ብሎ ሰላምታ ሰጠና እኔን ሳይሆን እሷን ጠየቃት። "እማማ፣ ምን ያህል ይታይዎታል?"

በቃ። ያን ያህል ስንዞር ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

እሷም ነገረችው። ብርሃንና ጥላ፣ ቀረብ ያለውን በቅርጹ። ትንሽ አሰበና ወደ እኔ ዞሮ "እህቴ፣ ዛሬ አትክፈይ። በዚህ ፀሐይ ብትገቡ ነዳጅ ከማቃጠል በቀር የምታዩት የለም። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት እዚህ በር ላይ ልጠብቃችሁ" አለኝ። ገንዘብ ይዛ የመጣችን ሰው የሚመልስ ሰራተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በማግስቱ ቀድሞን ደርሷል። እማዬን ጋቢና አስቀመጣት፣ እሱ ከኋላ ሆነ። ጫካው ውስጥ የዛፎቹን ስም እየነገራት፣ ዝንጀሮ ሲያቋርጥ "አሁን ከፊት ለፊትዎ አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ አለፈ፣ ሴቶቹ እየተከተሉት ነው" እያለ ያሳያታል። የእግዜር ድልድይን የሚያሻግረው መንገድ ድንጋያም ነው፤ የሰማሁት ሁሉ ስለ መንገዱ ውሸት አልነበረም። እሱ ግን ድንጋዩ በበዛበት ሁሉ እየወረደ፣ ከመኪናው ፊት እየሄደ ትልልቁን በእጁ ያነሳ ነበር። "እማማ ወገባቸው እንዳይነቃነቅ" ይላል። ሹፌሩ አፍሮ እሱም ይወርድ ጀመር።

ሜዳው ላይ ስንወጣ እኔ ቃል አጣሁ። ነጣ ያለ ሳር እስከ አማሮ ተራሮች ግርጌ ተዘርግቷል። የሜዳ አህዮቹ ሩቅ ቆመዋል፤ ለእኔ ይታዩኛል፣ ለእሷ ግን የሉም። ልቤ ስብር አለ። እሱ አልተጣደፈም። ወርዶ አፈር ዘገነና ቀስ ብሎ ለቀቀው፤ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ እያየ ነው። ከዚያ ሹፌሩን ከመንገዱ ሳይወጣ ዙሪያውን አስነዳው። አማሮ ከኋላችን፣ የጠዋቷ ፀሐይ ከጀርባችን ሆነች። ሞተር አስጠፋ። መስኮቶቹን አስከፈተ። "አሁን እንጠብቃለን" አለ።

ጠበቅን። እኔ ትዕግስቴ አልቆ ልናገር ስል በእጁ ዝም አሰኘኝ። መጀመሪያ የመጣው ድምጻቸው ነው። አጭር፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ጩኸት፤ ከአህያም ከፈረስም አይገጥምም። እማዬ ቀና አለች። እሱ በሹክሹክታ "ይኸው እየመጡ ነው። ፊት ያለችው ሴቷ ናት፣ መንገድ የምትመራው እሷ ናት። አውራው ከኋላ ሆኖ ይጠብቃቸዋል" አላት። እየጋጡ፣ እየቆሙ፣ እየጋጡ ቀረቡ። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ፀሐይዋ ከጎን ስትመታቸው ጥቁርና ነጩ ለየብቻው ጎልቶ ወጣ።

"ይኸ… ይኸ የሚንቀሳቀሰው… መስመር አለው!" አለች እማዬ።

"አዎ እማማ። የአንዱ መስመር ከሌላው አይመሳሰልም፤ እንደ ሰው አሻራ ነው" አላት።

"ውርንጭላ አላቸው?"

"አላቸው። ይፍቀዱልኝ" ብሎ እጇን ያዘና ጣቷን ቀስ አድርጎ ወደ ውርንጭላው አዞረላት። ውርንጭላው ሲራመድ እጇን አብሮ ይወስደዋል። ሲቆም ይቆማል። እማዬ በጣቷ ተከተለችው። እኔ ከኋላ ሆኜ አለቀስኩ፤ ሹፌሩም ወደ ሌላ በኩል አየ። አባዬን አሰብኩት። እሷም እንዳሰበችው የገባኝ፣ ወደ ከተማ ስንመለስ ስለ ሴቻው ቤት፣ ስለ ጎረቤቶቻቸው፣ አባዬ ማታ ማታ ይዞላት ስለሚመጣው ቆሮሶ ዓሣ ሳታቋርጥ ስታወራን ነው። ለዓመታት ያልሰማሁትን ወሬ በአንድ መንገድ ሰማሁት።

ሌላ የወደድኩለት ነገር፣ አይዋሽም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲቋቋም ቆርኬ የሚባለውን ባለቀንድ የዱር እንስሳ ለመጠበቅ እንደነበር አንብቤ ስለነበር "ቆርኬስ እናያለን?" አልኩት። "እህቴ፣ ቆርኬ አያለሁ ብለሽ እዚህ አትምጪ። ሰንቀሌ መጠለያ ሂጂ፣ ወይ ማዜ ፓርክ" አለኝ። የእኛው የቆርኬ ዘር በኢትዮጵያ ብቻ የቀረ ነው፤ ከዚህ ሜዳ እንዴት እንደተመናመነ ሲናገር ፊቱ ይከፋል። ሁሉም አለ ብሎ ገንዘብ ከሚቀበል ሰው ይልቅ እንዲህ የለም የሚለኝን አምናለሁ።

ስንመለስ ሹፌሩ ትንሽ ፈጠን ሲል ደግሞ አንድ ታሪክ ነገረን። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች እዚሁ ነጭሳር ውስጥ መንገድ ላይ ሞታ የተጣለች ወፍ አገኙ። ሌሊት ከምትበር ወገን ናት። ከእሷ የተረፈውን አንድ ክንፍ ብቻ ወሰዱ፤ በ1995 በዚያ አንድ ክንፍ ምክንያት ለዓለም አዲስ የሆነ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች፣ በነጭሳርም ስም ተጠራች። "እና ሹፌሮችን ቀስ በሉ የምላቸው ለዚህ ነው። መንገድ ላይ ምን እንደምንገድል አናውቅም" አለ። ያንን በእንስሳቱ ላይ ክላክስ ሲያስጮህ የነበረውን ሰው አስታወስኩ። ሁለቱም በአንድ አገር፣ በአንድ ስራ ላይ ናቸው!

ከሰዓት በኋላ ጫሞ ላይ በጀልባ ሄድን። የጀልባውን ሰው ያገናኘን እሱው ነው፣ ኮሚሽን የሚባል ነገር ሳይጠይቅ። ስለ ጀልባው ብዙ አልልም። ላይፍ ጃኬት ሳያለብስ አላንቀሳቀሰንም፤ ጉማሬዎቹ ሲጠልቁበት ገፍቶ አልሄደም፣ ርቆ ጠበቀ። አዞ ገበያ የሚሉት ዳርቻ ላይ አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው ተጋድመዋል። ለመናደድ ሳይሆን ሰውነታቸውን ለማቀዝቀዝ ነው አሉን። እማዬ አዞውን አላየችውም። ጉማሬው ብቅ ብሎ ሲተነፍስ ግን ከሁላችን ቀድማ የት እንዳለ የምትጠቁመው እሷ ነበረች፤ የጀልባው ሰው ተገርሞ "እናታችን፣ ስራ ልቅጠርዎት?" አላት። በጣም ሳቀች።

ለምትሄዱ የምመክራችሁ ይህን ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ሂዱ። ሜዳው ጥቁር አፈር ነው፤ ሚያዝያና ግንቦት ዝናብ ከጣለ ላንድክሩዘርም ይይዛል። በሚኒባስ እወስዳችኋለሁ የሚላችሁን አትስሙ። ክፍያችሁን ጽህፈት ቤቱ ውስጥ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ጠዋት ግቡ፣ እባካችሁ ጠዋት ግቡ። ውሃ ያዙ። ቆላ ነውና ከወባ ተጠንቀቁ፣ ያለ አጎበር አትተኙ። ስካውቱ ከመኪና አትውረዱ ሲል አትከራከሩት። ስትጨርሱ ደግሞ ጉርሻ ስጡት፤ ስካውቶቹ የሚያገኙት ደሞዝ ብዙ አይደለም። እኔ ስሰጠው ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በእማዬ ልመና ነው የተቀበለው።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ልጆችህ ይባረኩልህ። እማዬ ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ ስምህን ትጠራለች፣ እኔ ባልጽፈውም።

አንድ ነገር ልጨምር። የያዘው ባይኖኩላር በአንድ በኩል ደብዝዟል፣ ማንገቻውም ተበጥሶ በሲባጎ ታስሯል። በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ ለእኔ ይሰጠኝ ነበር፤ እሱ በባዶ ዓይኑ ያያል። አንድ ደህና ባይኖኩላር እየፈለግኩ ነው፣ ጥምቀት ሳይደርስ ልልክለት አስቤያለሁ። ውጭ አገር ያላችሁም፣ እዚህ ያላችሁም፣ ቤታችሁ ሳትጠቀሙበት የተቀመጠ ካለ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ ሰው ስታገኙ አስይዙት። ፓርኩ ጽህፈት ቤት "ለስካውቶቹ" ብሎ ቢያስረክብ ይበቃል። ጓደኞቹም እንደሱ ያለ ባይኖኩላር ነው የያዙት።