የ1914 የአትላንቲክ ትኬት፦ ሞሪታንያ፣ ኦሊምፒክ፣ ኢምፔራቶር ወይስ ፍራንስ?

ግንቦት 1914 ነው እንበል። በእኛ 1906 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው። ለንደን ወይ ፓሪስ ናችሁ፤ ኒውዮርክ መድረስ አለባችሁ። አውሮፕላን የሚባል ምርጫ የለም። ገንዘብ ግን አላችሁ፣ ስለዚህ የምትሄዱት በአንደኛ ማዕረግ ነው። ጥያቄው በየትኛዋ መርከብ የሚለው ነው።

እነዚህን መርከቦች ለዓመታት ስከታተል ኖሬያለሁ። ሰው ስለ ወርቅ ቅቡና ስለ ትልቁ ደረጃ ብቻ ሲያወራ ግን ቅር ይለኛል። በፎቶ ሁሉም ያምራሉ። አንደኛ ማዕረግ ስትገዙ በዋናነት የምትገዙት እንቅልፍ ነው። አምስት ስድስት ሌሊት ሰሜን አትላንቲክ ላይ ታድራላችሁ፤ መርከቧ የምትንቀጠቀጥ ወይም የምትወዛወዝ ከሆነ የእብነ በረዱ ጥራት ምንም አይጠቅማችሁም። እኔ የማወዳድራቸው በዚህ ዓይን ነው።

መጀመሪያ ዋጋ። "አንደኛ ማዕረግ" አንድ ዋጋ አይደለም፤ በጣም ሰፊ ነው። በታይታኒክ ላይ ርካሹ የአንደኛ ማዕረግ ካቢን ወደ 30 ፓውንድ ገደማ ነበር። የራሱ መንሸራሸሪያ በረንዳ ያለው ትልቁ ስዊት ደግሞ ወቅቱ ሲወደድ 870 ፓውንድ ይደርስ ነበር። እዚያው መርከብ ሆድ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ወደ እሳቱ የሚወረውረው ሠራተኛ በወር የሚከፈለው 6 ፓውንድ ነው። አስሉት፤ የ12 ዓመት ደመወዙ ለአንድ ጉዞ ማለት ነው። ይሄን ሒሳብ ሳስብ ሁሌም ልቤ ይከብዳል፣ ምክንያቱም የእናንተ ፍጥነትም ሙቅ ውሃም የሚመጣው ከእሱ አካፋ ነው።

ለ30 ፓውንዱ ምን ታገኛላችሁ? ጥሩ አልጋ፣ አስተናጋጅ፣ ምግብ፣ ሁሉም ሳሎኖች። የማታገኙት የራሳችሁን መታጠቢያ ቤት ነው። ይሄ ብዙ ሰው ይገርመዋል፤ በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ የአንደኛ ማዕረግ ካቢኖች የራሳቸው ባኞ ቤት አልነበራቸውም። ለአስተናጋጁ ሰዓት ትነግሩታላችሁ፣ ተራችሁ ሲደርስ ጋውን ለብሳችሁ በኮሪደር ትሄዳላችሁ። ይሄ ካልተመቻችሁ ከመጀመሪያው ባኞ ያለው ካቢን ጠይቁ፣ ተጨማሪውንም ክፈሉ። ከሳሎን ወርቅ ይልቅ እዚህ ላይ የወጣ ገንዘብ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ፉክክር። ሞሪታንያ ወይስ ኦሊምፒክ?

ሞሪታንያ የኩናርድ ኩባንያ መርከብ ናት፤ ከሊቨርፑል ትነሳለች። በ1907 ሥራ ስትጀምር የእንፋሎት ተርባይን በዚህ መጠን ማስገባት ድፍረት ነበር። ድፍረቱም ሠራ። በ1909 አትላንቲክን በ4 ቀን ከ11 ሰዓት ገደማ አቋረጠች፣ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ወደ ምዕራብ የሚደረገውን ጉዞ የፍጥነት ክብር እስከ 1929 ድረስ ማንም አልነጠቃትም። ውስጧ በእንጨት የተሞላ ነው፤ 28 ዓይነት እንጨት አለ፣ የተጠረበ፣ የተወለወለ፣ ጥቁር ቡናማ ሙቀት ያለው። እኔ ከነጭ ልስንና ከወርቅ ይልቅ ይሄን እወዳለሁ።

ግን ፍጥነት ዋጋ አለው። በሙሉ ኃይል ስትሮጥ የኋላ ክፍሏ ይንቀጠቀጣል። ዋነኞቹ ተጎጂዎች ወደ ኋላ የተመደቡት የሁለተኛ ማዕረግ መንገደኞች ናቸው፤ አንደኛ ማዕረግ መሃል ላይ ስለሆነ ይሻላል፣ ነገር ግን ካቢናችሁ ወደ ኋላው ጫፍ ከተጠጋ መነጽራችሁ ጠረጴዛ ላይ ሲንቀጫቀጭ ትሰሙታላችሁ። ቀጭንና ረጅም ስለሆነች ማዕበል ሲበረታ ትወዛወዛለች። መዋኛ ገንዳ የላትም፣ የቱርክ መታጠቢያም የላትም።

ኦሊምፒክ ሌላ ሐሳብ ናት። የዋይት ስታር ኩባንያ ከኩናርድ ጋር በፍጥነት ላለመፎካከር ወስኖ ትልቅና ምቹ መርከብ ወደ መሥራት ሄደ። ሞሪታንያ 32,000 ቶን ገደማ ናት፣ ኦሊምፒክ ደግሞ ከ45,000 ቶን በላይ። ርዝመቷ 269 ሜትር ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛለች፤ በ1911 የመጀመሪያ ጉዞዋ 5 ቀን ከ16 ሰዓት ፈጅቶባታል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቀን ገደማ ነው። አስቡት፣ አንድ ቀን ብቻ! ኒውዮርክ ላይ ውል የሚፈርም ነጋዴ ካልሆናችሁ ለዚያ አንድ ቀን ብላችሁ ሌሊቱን በንዝረት የምታሳልፉበት ምክንያት አይታየኝም።

በዚያ ላይ ኦሊምፒክ ላይ የምትሠሩት ነገር አለ። መዋኛ ገንዳ፣ የቱርክ መታጠቢያ፣ ጂምናዚየም፣ ስኳሽ መጫወቻ፣ ሊፍት። ትልቁ ምግብ ቤት ከትኬቱ ጋር ነው። ከእሱ ሌላ ከሜኑ መርጣችሁ የምትከፍሉበት ሬስቶራንት አለ፤ ትኬት ስትቆርጡ "እዚያ ብቻ ነው የምበላው" ካላችሁ ከዋጋው ላይ ይቀነስላችኋል። ይሄን ሳያውቁ ሁለት ጊዜ የሚከፍሉ ሰዎች አሉ። በቁጥር ብዙ ካልሆናችሁ ሬስቶራንቱ ደስ ይላል፣ ምክንያቱም የፈለጋችሁት ሰዓት ትበላላችሁ፤ በትልቁ አዳራሽ ግን የመብል ሰዓቱ የመርከቧ ነው።

አውቃለሁ፣ ኦሊምፒክ ሲባል ወዲያው የሚመጣው ታይታኒክ ነው። እህቷ ናት፣ በአንድ ንድፍ ቤልፋስት ላይ ነው የተሠሩት። ሚያዝያ 1912 በደረሰው ነገር አንደኛ ማዕረግም ሁሉንም አላዳነም። ከአንደኛ ማዕረግ ሴቶች 97 በመቶው ተርፈዋል፣ ከወንዶቹ ግን የተረፉት አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ናቸው። ከሦስተኛ ማዕረግ ሕፃናትም የተረፉት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ናቸው። ይሄን ቁጥር ደግማችሁ አንብቡት። ሕፃናት ናቸው።

ስለዚህ በ1914 ትኬት የሚገዛ ሰው "ምን ተለወጠ?" ብሎ መጠየቅ አለበት። ኦሊምፒክ ላይ የተለወጠው ብዙ ነው። ከ1912 መኸር ጀምሮ ለወራት ወደ ቤልፋስት ተመልሳ በማሽኖቹ ክፍሎች ግራና ቀኝ ሁለተኛ የውስጥ ግድግዳ ተሠራላት። ውሃ የሚያግዱት ግድግዳዎቿ ከፍ ተደረጉ። ነፍስ አድን ጀልባዎቿ ከ20 ወደ 68 አደጉ። ከአደጋው በኋላ በሌሎቹም መርከቦች ላይ ለሁሉም ሰው የሚበቃ ጀልባ መጫን ግዴታ እየሆነ መጣ፣ ነገር ግን የመርከቧን አካል ራሱን እንዲህ አፍርሶ የሠራ ጥቂት ነው። እኔ ኦሊምፒክን የማምነው እህቷ ስለሰጠመች ነው ማለት ይቻላል፤ ከባዱን ትምህርት በሰው ነፍስ ተምረውበታል።

ኢምፔራቶር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገንዘብ ያለው ሰው በቀላሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሐምቡርጉ ሐፓግ ኩባንያ መርከብ ናት፤ ከሰኔ 1913 ጀምሮ ትሠራለች፤ 52,000 ቶን። ከመርከቧ አፍንጫ ላይ ክንፉን የዘረጋ ግዙፍ የነሐስ ንስር አስቀምጠውባታል። የእንግሊዞቹን አዲስ መርከብ አኲታንያን በርዝመት ለመብለጥ ነው ንስሩ የተጨመረው። የውስጧን ንድፍ የሠራው ፈረንሳዊው አርክቴክት ሻርል ሜዌስ ነው። ሁለት ፎቅ የሚያህል፣ በጥንቷ የሮማውያን ከተማ በፖምፔ ስታይል የተሠራ መዋኛ፣ ዘንባባ ያለበት የክረምት አዳራሽ፣ የሪትዝ ካርልተን ሬስቶራንት፤ ከዚህ በላይ የሚታይ ነገር አትላንቲክ ላይ አልነበረም።

ችግሩ ክብደቱ ሁሉ ወደ ላይ መሆኑ ነው። እብነ በረዱም፣ ከባዱ የቤት ዕቃም ላይኛው ፎቅ ተከምሮ፣ መርከቧ ወደ አንድ ጎን ታዘነብልና ለመመለስ ትዘገያለች። መሬት ላይ ሆናችሁ ስታነቡት ቀላል ይመስላል። ሾርባ ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ ጠረጴዛው ሲያዘነብል ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሳይሞላ ወደ ሐምቡርግ መልሰው ከጭስ ማውጫዎቿ ላይ 3 ሜትር ቆረጡ፣ ከባዱን ዕቃ በቀላል የሸንበቆ ወንበር ተኩ፣ ከታች ወለሏ ላይ ሲሚንቶ አፈሰሱ። አሁን በ1914 ተሽላለች። ሰው ማየትና መታየት ከፈለጋችሁ፣ ማታ ማታ የሚለበሰውን ልብስ ሁሉ የምትለብሱበት ቦታ ከፈለጋችሁ፣ ከእሷ የሚበልጥ የለም። ባሕር የሚያማችሁ ከሆነ ግን ተዉት።

ፍራንስን የምመርጣት ለሆድ ነው። ትንሽ ናት፣ ወደ 24,000 ቶን፣ ግን አራት ጭስ ማውጫ አላት፣ ፈጣንም ናት። ከለ ሃቭር ነው የምትነሳው፤ ፓሪስ ያለ ሰው በባቡር ይደርሳል። ታይታኒክ በሰጠመች በ5ኛው ቀን ነው የመጀመሪያ ጉዞዋን የጀመረችው፤ የሚያሳዝን አጋጣሚ ነው። ሳሎኗ የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ቁራጭ ይመስላል። ምግቧ ደግሞ ስም ያለው ነው፤ የፈረንሳይን መርከቦች የባሕር ወፎች ይበልጥ የሚከተሏቸው ትርፍራፊው ስለሚጣፍጥ ነው ይባል ነበር። መንቀጥቀጥና መወዛወዝ ግን እሷም አላት።

አኲታንያ ግንቦት 30 ለመጀመሪያ ጊዜ ልትነሳ ነው። ቆንጆ ናት፣ ምናልባት ከሁሉም ቆንጆዋ። የእኔ ምክር ግን የመጀመሪያ ጉዞ አትግዙ የሚል ነው። የኢምፔራቶርን ማዘንበል ያወቁት የመጀመሪያው ወቅት መንገደኞች ናቸው፣ ከነሾርባቸው። አንድ ሁለት ጉዞ ካደረገች በኋላ ግዟት።

ከትኬቱ ውጪ ስለሚወጣው ገንዘብ ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም። በዋይት ስታር መርከቦች ዴክ ላይ የምትጋደሙበት ወንበር ለጉዞው ሙሉ 1 ዶላር ይከራያል፣ ብርድ ልብሱም ሌላ 1 ዶላር። የቱርክ መታጠቢያው 1 ዶላር ነው። ጉርሻ ደግሞ መጨረሻው ቀን ላይ ይጠበቃል፤ የካቢን አስተናጋጁ፣ የምግብ ቤቱ፣ የባኞው። ሠራተኞቹ በደመወዛቸው ብቻ ስለማይኖሩ እዚህ ላይ አትሰስቱ። የቤት ሠራተኛ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ለእነሱ የተለየ መመገቢያ ክፍል አለ። አንድ ሌላ ነገር፦ ሲጋራ ማጨሻ ክፍል ውስጥ በጣም ተግባቢ የሆነ ሰው ካርታ እንጫወት ቢላችሁ ተጠንቀቁ። ሙያቸው ይሄ የሆነ ቁማርተኞች በአንደኛ ማዕረግ ይመላለሱ ነበር፤ ዋይት ስታር በመንገደኞች ስም ዝርዝር ላይ ሳይቀር ማስጠንቀቂያ ያትም ነበር።

እኔ ብሆን ኦሊምፒክን ነው የምቆርጠው። ከሳውዝሃምፕተን፣ ወይም ፓሪስ ካለሁ ከሼርቡርግ። ካቢኑን ከመርከቧ መሃል፣ ከላይኛው ፎቅ ዝቅ ያለ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ማዕበሉ የሚሰማው ወደ ጫፎቹና ወደ ላይ ሲኬድ ነው። መስኮት ያለው ይሁን፣ ወደ ውስጥ ያለውን አልፈልግም። ለስዊት የማወጣውን ገንዘብ ለባኞ ቤት አደርገዋለሁ። ሞሪታንያን የምመርጠው እናቴ ኒውዮርክ ታማ ከሆነ ነው፤ ያኔ አንድ ቀን ሁሉም ነገር ነው።

ከእነዚህ መርከቦች ዛሬ የሚንሳፈፍ የለም። ኦሊምፒክ በ1935 ከሥራ ወጥታ ስትፈርስ የአንደኛ ማዕረግ ሳሎኗ የእንጨት ግድግዳ ተሸጠ፤ በሰሜን እንግሊዝ አኒክ ከተማ ዋይት ስዋን ሆቴል ውስጥ አሁንም አለ። ወደዚያ የሚያልፍ ሰው በእንጨቱ መሃል ተቀምጦ መብላት ይችላል።

የመልሱን ትኬት ደግሞ ከሐምሌ 1914 መጨረሻ በፊት ባለው ቀን ቁረጡት፣ በጀርመን መርከብም አይሁን። ነሐሴ ላይ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የኢምፔራቶር እህት ቫተርላንድ ኒውዮርክ ወደብ ማዶ ሆቦከን ላይ ታስራ ቀረች። ዳግመኛ ስትንቀሳቀስ ስሟም ባንዲራዋም ተቀይሮ፣ የአሜሪካን ወታደሮች ይዛ ነበር።