ጽሁፌን ከዜሮ ላነሱልኝ ጋሼ

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ፣ በተለይ ሥራና ትምህርት አብራችሁ የምትገፉ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

ባለፈው ሴሚስተር ኢንግሊሽ 101 ወስጄ ነበር። ነርሲንግ ለመግባት እሱን ማለፍ ግድ ነው። ማታ ማታ አንዲት አሮጊት እጠብቃለሁ፤ እሳቸው ሲተኙ እኔ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ድርሰቴ ዜሮ ተሸክሞ ተመለሰ። ከጎኑ 41 ፐርሰንት ከሌላ ጽሁፍ ጋር ይመሳሰላል ይላል፣ ከሥሩ «ፕሌጀሪዝም»፣ የሰው ጽሁፍ መስረቅ ማለት ነው። እኔ እኮ አልገለበጥኩም! ዲክሽነሪ ይዤ ሁለት ሌሊት ሙሉ ቃል በቃል ስቀይር ነው ያደርኩት። ከዚያ በኋላ ክላስ ውስጥ ቀና ብዬ መቀመጥ አቃተኝ።

ጋሼን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። አዲስ አበባ ሃይስኩል ውስጥ ለዓመታት እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አሁን ላይብረሪ ጥግ ላይ ተቀምጠው እንደኔ ግራ የገባውን ያስጠናሉ።

ድርሰቴ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1863 ጌቲስበርግ ላይ ስላደረገው ንግግር ነበር። ሦስት ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ንግግር ነው። መግቢያው ላይ ከ87 ዓመት በፊት አባቶቻችን በዚህ አህጉር አዲስ አገር አቆሙ ይላል። እኔ «ፋዘርስ»ን «አንሴስተርስ»፣ «ኔሽን»ን «ካንትሪ» አድርጌ አልፌዋለሁ። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉና «ልጄ፣ ቀሚሱን ገልብጠሽ ለበስሽው እንጂ ያው የሰው ቀሚስ ነው» አሉኝ። ፐርሰንቱንም አስረዱኝ። ቁጥሩ መመሳሰልን እንጂ ሌብነትን አይለካም፤ በትክክል የጠቀስሽውንም ሊቆጥርብሽ ይችላል አሉ። የኔ ጥፋት ግን ከቁጥሩ ሳይሆን ከአረፍተ ነገሩ ነበር።

ከዚያ ወረቀቱን ገለበጡት። «በይ አሁን ምን እንዳለ በአማርኛ ንገሪኝ።»

ዝም አልኩ። ለካ ሁለት ሌሊት የለፋሁበትን ነገር አልገባኝም ኖሯል። እንደገና አነበብኩት፣ እንደገና ገለበጡት። በሦስተኛው ለእናቴ በስልክ እንደማወራ አድርጌ ነገርኳቸው። «ይኸውልሽ፣ እሱን በእንግሊዝኛ ጻፊው» አሉ። ጠመም ያለ አረፍተ ነገር ወጣ፤ ግን የራሴ ነው። ደስ ብሎኝ ብዕሬን ሳስቀምጥ «ሐሳቡ የማን ነው?» አሉኝ። የሊንከን። «ታዲያ ስሙ የታል?» ምንጭ የሚጠቀሰው ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ለገባ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። በራስ አባባል የተጻፈም ባለቤት አለው።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ትርጓሜውን ነው። «1863 ላይ 87 ቀንሺ» አሉኝ። 1776፤ አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ መሆኗን ያወጀችበት፣ የነጻነት አዋጁ ዓመት። «ሕገ መንግሥቱ የተጻፈው በ1787 ነው። ለምን ከዚያ አልቆጠረም?» አሁን አስቡት፤ አዋጁ ሰው ሁሉ እኩል ተፈጠረ ይላል፣ ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ባርነትን ተሸክሞ ነበር የወጣው። ቁጥሩ ራሱ ክርክር ነው ማለት ነው! እኔ ተርጉሜ ብቻ ያለፍኩትን። «እንደ አንድምታ መምህራን አንድም እያልሽ ሂጂ፤ ግን ለእያንዳንዱ አንድም ከጽሁፉ ላይ መስመር አሳዪኝ» አሉ። አያቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሰሙት የኖሩትን ቃል ሜሪላንድ ላይ ለኢንግሊሽ ክላስ እጠቀምበታለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።

ሁለተኛው ወረቀቴ ስለ ዓድዋ ነበር። የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን እንደ ፈረንጅ ስም ገልብጬ «ዘውዴ» ብዬ ጠቀስኩ። ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። «መጽሐፉን አባትየው ናቸው እንዴ የጻፉት?» የኢትዮጵያ ጥናት ሰዎች በራስ ስም ነው የሚጠቅሱት፤ አስተማሪሽን አስፈቅጂና እንደዚያው ጻፊ አሉኝ። ጠየቅኳት፣ ፈቀደች። ኢንግሊሽ ክላስ የሚፈልገው ኤምኤልኤ የሚባለውን የምንጭ አጠቃቀስ ነው፣ ስምና ገጽ። ነርሲንግ ስገባ ዓመት የሚጨምረው ኤፒኤ ይጠብቀኛል፤ እሱንም ከአሁኑ እያስለመዱኝ ነው።

ዜሮ የተሰጠኝን ድርሰት እንደገና ጽፌ እንዳስገባ ተፈቀደልኝ። ሴሚስተሩን በቢ ፕላስ ጨረስኩ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ ጻፉልኝ ብላችሁ እንዳትጠይቋቸው። አንዱ ከፍዬ ላስጽፍ ብሏቸው ስልኩን ጆሮው ላይ ዘግተውበታል። በሐበሻ ሰዓትም አትሂዱ፤ አሥር ደቂቃ ካረፈዳችሁ ተነስተው ይሄዳሉ (ደርሶብኛል)። ዙም አይወዱም። የእጅ ጽሁፋቸው እንደ ሐኪም ነው፤ የሚሉትን እዚያው ጻፉት። ዋጋቸው በሰዓት 25 ዶላር ነው፤ ሥራ ላጣ ሰው ግን ቡና ግዛልኝ ብለው ሲያልፉት በዓይኔ አይቻለሁ። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ በኢንቦክስ ጠይቁኝ። ቅዳሜያቸው ሞልቷል፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ቦታ አላቸው።