የሚታጠብ ዳይፐር ከ9 ወር በኋላ፦ ያተረፈኝ የእማዬ ነጠላ ነው

ልጄ ክርስትና የተነሳችው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። 80 ቀን ሆኗት። ሳይነጋ ከቤት ወጣን። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ጠዋትም አላባራም ነበር። ከተጠመቀች በኋላ የሚታጠበውን ዳይፐር አደረግኩላትና ከላዩ ነጩን ቀሚስ አለበስኳት። ሻጩ «ሌሊቱን ሙሉ ይይዛል» ብሎ የሸጠልኝ ዳይፐር ነው።

አንድ ሰዓት እንኳን አልሞላም። የክርስትና እናቷ ጠጋ ብላ «ረጥባለች መሰለኝ» አለችኝ። አነሳኋት። ቀሚሱ እስከ ጀርባዋ ርሷል። የክርስትና እናቷም ቀሚስ ርሷል። ልጄ በዚያ ብርድ እጆቿን ጨብጣ ታለቅሳለች፤ እኔም ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። እማዬ ዝም ብላ ዘንቢሏን ከፈተች። ጠዋት ስንወጣ «ይሄን ምን ያደርግልናል፣ ተይው» ያልኳትን አሮጌ ነጠላ አወጣች። አጣጥፋ ከልጄ ስር አደረገችላት። ነጠላው ቤት እስክንገባ ድረስ ያዘ።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚህ ዳይፐር ያለኝ ሐሳብ ሁሉ ከዚያ ጠዋት ጋር የተያያዘ ነው። 9 ወር ተጠቅሜበታለሁ። ብዙ ቀን ያለ ችግር ሠርቷል። ግን ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ ውስጠኛው ጨርቅ ነው፤ ምክንያቱም ገንዘቤን የበላው እሱ ነው፣ ያስለቀሰኝም እሱ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደገዛሁት ልንገራችሁ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ዋጋ እንዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሚጣለው ዳይፐርም ከዚያ አላመለጠም። እርጉዝ ሆኜ ሒሳብ ሠራሁ። አራስ ልጅ በቀን ስምንትም አሥርም ጊዜ ይቀየርላታል። በአካባቢዬ ሱቅ ዋጋ ስመታው በወር ከቤት ኪራዩ ሲሶ የሚሆን ገንዘብ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ይሄዳል። ባለቤቴ ብቻ ነው ደሞዝ የሚያስገባው። እኔ እቤት ነኝ። ስለዚህ ሚያዝያ 2017 ላይ 12 ሽፋንና 24 ውስጠኛ ጨርቅ ያለው አንድ ሙሉ ስብስብ በቴሌግራም አዝዤ ገዛሁ። 6,600 ብር። ለእኛ ትልቅ ገንዘብ ነው። እማዬ ዋጋውን ስትሰማ «ልጄ፣ የሽንት ጨርቅ እኮ ነው!» አለች። የዚያን ቀን ተናደድኩባት።

ዳይፐሩ ሁለት ነገር ነው። ውጪው ሽፋን አለ። ከፖሊስተር የተሠራ፣ ከጀርባው ውሃ የማያሳልፍ ስስ ነገር የተለጠፈበት። በሚጫኑ ቁልፎች ይጠባል፣ ይሰፋል። ከውስጡ ኪስ አለው። ኪሱ ውስጥ ሽንቱን የሚጠጣው ጨርቅ ይገባል። ይሄ ማይክሮፋይበር የሚሉት ነው፤ እንደ ፎጣ ለስላሳ፣ ሲነካ ያምራል።

አሁን ለሻጩ ልመልስለት። ወንድሜ፣ አጠገቤ ብትሆን ፊት ለፊት እነግርህ ነበር። በቪዲዮህ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፈሰስክበት፣ ጠጣው፣ ገልብጠህ አሳየኸን፣ ጠብ አላለም። ውሸት አይደለም። እኔም እቤት ሞከርኩት፣ ጠጣው። ግን ልጅ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ጨርቅ አይደለችም። ትታዘላለች። ትታቀፋለች። ትቀመጣለች። ማይክሮፋይበር ቶሎ ይጠጣል፣ ሲጫኑት ደግሞ የጠጣውን መልሶ ይተፋል፤ እንደ ስፖንጅ። በአንቀልባ የታዘለች ልጅ ደግሞ ክብደቷ በሙሉ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። እኛ አገር ልጅ እንደሚታዘል አንተም ታውቃለህ፤ እናትህ አዝላሃለች። በቪዲዮህ ውስጥ በእጅህ አንድ ጊዜ ጫን ብትለው ኖሮ ሁላችንም እናይ ነበር።

«ሦስት ጊዜ አጥበሽ ተጠቀሚበት፣ ይሻላል» አልከኝ። ሦስት ጊዜ አጠብኩ። «ሁለት ሁለት አድርጊበት» አልከኝ። ሁለት ሁለት አደረግኩ፤ ልጄ እግሯን መግጠም አቃታት፣ በጭኗ በኩልም ክፍተት ተፈጠረና በዚያ መፍሰስ ጀመረ። «ቀቅለሽ እጠቢው» አልከኝ። ይሄኛውን ምክር እግዜር ይይልህ። አንዱን ሽፋን አብሬ ቀቀልኩትና የተለጠፈው ስስ ነገር ተላጠ። ፈላ ያለ ውሃ፣ በረኪናና ካውያ ለዚህ ሽፋን ጠላት ናቸው። እናንተ እንዳትሞክሩት።

ሁሉም ጥፋት ግን የእሱ አይደለም። አንዱን በራሴ ደረስኩበት። እኛ ቤት ልጅ ከታጠበች በኋላ ቅቤ ትቀባለች፤ እማዬ ጭኗንና መቀመጫዋን ሳይቀር አሳምራ ነው የምታሻት። ቅቤ ጨርቅ ላይ ሲቀር ጨርቁ ውሃ አይቀበልም። አንድ ቀን በታጠበው ጨርቅ ላይ ውሃ ጠብ አድርጌ አየሁት። ጠብታው ክብ ሆኖ ቆመ፣ ከዚያ ተንከባለለ። ቫዝሊንም እንደዚያው ነው። ልብስ ማለስለሻ ፈሳሽም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ጨርቁን በሞቀ ውሃና ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አሽቼ አረፋው እስኪጠፋ ደጋግሜ አለቀለቅኩት። ተሻለው። እማዬንም ቅቤውን ከወገቧ በላይ እንድታደርግ ለመንኳት። አልወደደችውም፣ ግን ተስማማች።

ተሻለው እንጂ አልዳነም። ስትታዘል ያው ያፈሳል።

ከዚያ ክረምቱ አለ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የልብስ ማስጫው ገመድ በረንዳ ላይ ሁለት ሜትር የምትሆን ናት። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ፀሐይ እንዴት እንደምትናፈቅ የአራስ ልብስ ያጠበች ታውቀዋለች። ያ ወፍራም ጨርቅ ሦስት ድርብ ሆኖ ተሰፍቶ ነው የሚመጣው፣ አይዘረጋም። ዛሬ ያሰጣሁት ከነገ ወዲያ ስነካው መሃሉ ይቀዘቅዛል። እርጥበት እንዳለው ሲቀመጥ ይሸታል። 24 ነበረኝ፣ ግን ዘጠኙ ገመድ ላይ፣ ስድስቱ ወንበር መደገፊያ ላይ፣ የቀሩት ሳፋ ውስጥ። ጎረቤቴ ከሰል አቀጣጥለሽ ዘንቢል ደፍተሽ አድርቂ አለችኝ። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ከአራስ ጋር አላደርገውም፤ እናንተም አታድርጉ። ስለዚህ ገንዘብ ለመቆጠብ 6,600 ብር ያወጣሁት ሴት ክረምቱን የሚጣለውን ዳይፐር ስገዛ ከረምኩ። ባለቤቴ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ዝም ማለቱ ነው የከበደኝ።

ፍልሰታ እንደተፈታ እማዬ ሁለት አሮጌ ነጠላና የእጅ ስፌት መኪናዋን ይዛ መጣች። በእጅ የሚሽከረከረውን፣ እኔን ያሳደገችበትን። መብራት ኖረም አልኖረም ይሠራል። እሷ ልጄን አዘለች፣ እኔ ሰፋሁ።

የሠራሁትን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ብታደርጉት አትቆጩም። መጀመሪያ ጥለቱን ቆርጬ አወጣሁ። የሚያብረቀርቀው ክር ውሃ አይጠጣም፣ ቆዳም ይፍቃል። ከዚያ ነጠላውን 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ቆራረጥኩት። ከአንዱ ነጠላ ስድስት ወጣልኝ። ሸማ ሲቆረጥ ወዲያው ይተረተራል፤ ስለዚህ ሳይታጠብ በፊት ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፌ ሰፋሁት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አንድ ጊዜ ብቻ አጥፌ ነበር፣ በሁለተኛው እጥበት ተተረተሩ። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፤ ሲቆረጥ ሁለቱ ይላቀቃሉ፤ እንዳይንሸራተቱ መሃሉን በመስቀል ቅርጽ ሰፋሁት። አለቀ። 12 ቁራጭ ከሁለት ቀን ባነሰ ጊዜ፣ ልጄ ጡት ስትፈልግ እያቋረጥኩ።

ስጠቀምበት በቁመቱ አራት አጥፌ፣ ከዚያ ለሁለት አጥፌ፣ 15 በ30 ይሆናል፤ ልክ ኪሱ ውስጥ ይገባል። ያ ማለት 16 ድርብ ሸማ ነው። ሳጥበው ደግሞ ተዘርግቶ ሁለት ድርብ ብቻ ነው። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ሲለበስ ወፍራም፣ ሲሰጣ ስስ። መስከረም መጀመሪያ ላይ፣ ገና ዝናብ እያለ፣ ማታ ቤት ውስጥ ያሰጣሁት ጠዋት ደርቆ አገኘሁት። ገመዱ ላይ ቆሜ ደጋግሜ ነካሁት። ማመን አቃተኝ።

ሲጫኑትስ? ጥጥ እንደ ማይክሮፋይበር አይፈጥንም፣ ግን የጠጣውን ይይዛል። ልጄን አዝዬ ገበያ ሄጄ ተመለስኩ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል። ጀርባዬ ደረቅ ነበር። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ነጠላው አሮጌ ስለሆነ ነው። አዲስ ጥጥ ከነሰሙ ነው የሚመጣው፣ አምስት ስድስት ጊዜ እስኪታጠብ ድረስ ውሃ አይወድም። የእማዬ ነጠላ ስንት ዓመት እንደታጠበ እሷም አታውቅም። ስለዚህ ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ለዚህ ብላችሁ አዲስ አትግዙ። ገንዘቡም አይገባም፣ የሸማኔውም ድካም ያሳዝናል። ከእናታችሁ ወይም ከአክስታችሁ ሣጥን ጠይቁ። የሌላት ቤት የለችም።

ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ነው፤ ለሌሊት ይሆን ነበር። ከአባቴ የቀረ አንድ ጋቢ አለ። እማዬን አየሁዋት፣ አየችኝ፤ አልጠየቅኳትም። ልጄ ትጠቀለልበታለች እንጂ አይቆረጥም። ሌሊት ሌሊት አሁንም አንድ የሚጣል ዳይፐር አደርግላታለሁ፤ እኔም ልተኛበት፣ እሷም ትተኛ። በቀን አንድ ነው፣ አይከብደንም።

ስለ ሽፋኑ ብዙ የምለው የለኝም፣ ምክንያቱም ጥሩ ነው። የቀቀልኩትን ካልቆጠርን 11ዱ አሁንም ውሃ አያሳልፉም። አንድም ቁልፍ አልተነቀለም። በሻጩ ወረቀት ላይ ከ3 ኪሎ ጀምሮ ይላል፤ በ3 ኪሎ ግን ጭኗ ላይ ሰፊ ነበር፣ ልክ የሆነላት ከሁለተኛ ወሯ በኋላ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ እጥበቱ በሁለት ቀን ሦስት ጀሪካን ውሃ ይፈልጋል፤ ይሄንንም አስቡበት።

ታዲያ ገንዘቤን አግኝቼዋለሁ? ነሐሴ ላይ ብትጠይቁኝ ኖሮ በቁጣ «አትግዙ» እላችሁ ነበር። ዛሬ ጥር ላይ፣ በረንዳዬ ላይ ፀሐይ እያለ፣ 12 ነጭ ቁራጭ ተሰጥቶ እያየሁ፣ ያንን ማለት አልችልም። ከመስከረም ወዲህ የሚጣለውን በወር አንድ እሽግ ብቻ ነው የገዛነው። ሽፋኑን መግዛቴ አይቆጨኝም፣ ነገም እገዛዋለሁ። ለዚያ ማይክሮፋይበር ያወጣሁት ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ሻጩን ሽፋኑን ለብቻው ትሸጥልኛለህ ብዬ ጻፍኩለት። «በስብስብ ነው የሚመጣው» አለኝ። ለምን? አምጥተህ ለየብቻ ብታስቀምጠው ምን ይጎዳሃል? የውስጡን እያንዳንዷ እናት እቤቷ አላት። ግማሽ ብሩ ለአንድ ወር ወተትና እንቁላል ይሆናት ነበር።

እማዬ «የሽንት ጨርቅ እኮ ነው» ስትለኝ ያኮረፍኩባትን ነግሬ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። እሷ ረስታዋለች።

አሁን የሁለት ሽፋን ላስቲክ ጭን ላይ ላልቷል። በየቀኑ ስለሚታጠብ የሚጠበቅ ነው፣ ስለዚህ አልተናደድኩም። ስፌቱን ፈትቼ በአዲስ ላስቲክ እየቀየርኩት ነው። አንዱ አልቋል። ሁለተኛውን ልጄ ከተኛችልኝ ዛሬ ማታ እጨርሰዋለሁ።