«2 ቴራ» ፍላሽ በ1,400 ብር፦ እንዳትገዙ፤ የገዛችሁም ዛሬውኑ ፈትኑት

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ንዴቴ ገና ሳይበርድ ነው። ሰሞኑን በቴሌግራም ቻናሎችና በቲክቶክ እየዞረ የሚሸጥ ፍላሽ አለ። «2 ቴራ፣ ኦርጂናል፣ ከዱባይ የመጣ፣ ያሉበት ድረስ እናመጣለን» ይላል ማስታወቂያው። ዋጋው 1,400 ብር። ገዝቼዋለሁ። 2 ቴራ ማለት 2,000 ጊጋ ነው፤ ውስጡ ያለው ግን 29 ጊጋ ብቻ ነው። የቀረው ተበላሽቶ ወይም ተቃጥሎ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ማንን እንደሚይዝ አስቀድሜ ልናገር፤ «እኔ እንኳ ቴክኖሎጂ አውቃለሁ» የሚል ሰው ነው ቀድሞ የሚበላው። እኔ የቴክኖሎጂ ዜና ሳላይ አላድርም። በ2022 እ.ኤ.አ. የሚሞሪ አምራቹ ማይክሮን ባለ 232 ድርብርብ የሚሞሪ ቺፕ አወጣ ሲባል ቡና ላይ ለሥራ ባልደረቦቼ ያስረዳሁት እኔ ነኝ፤ «አያችሁ፣ ካሬው ያው ነው፤ ልክ እንደ አዲስ አበባ ሕንፃ ወደ ላይ ፎቅ እየጨመሩበት ነው» ብዬ። በ2024 መጨረሻ ሌላው አምራች ኤስኬ ሃይኒክስ ባለ 321 ድርብርቡን ማምረት ጀመርኩ ሲል ደግሞ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ኪንግስተን ባለ 2 ቴራ ፍላሽ ያስተዋወቀው እንኳ ገና በ2017 ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ዜና ጭንቅላቱን የሞላው ሰው «2 ቴራ ፍላሽ» የሚል ማስታወቂያ ሲያይ አይጠረጥርም። «በቃ፣ እዚህ ደርሰናል» ነው የሚለው። ውሸቱ የሚኖረው እውነተኛው ዜና ላይ ተንጠላጥሎ ነው።

እርግጥ ነው፣ 2 ቴራ የሚይዝ ኪስ የሚገባ ዕቃ በዓለም ላይ አለ። በ1,400 ብር ግን የለም። ትክክለኛ ባለ 2 ቴራ ተንቀሳቃሽ ኤስኤስዲ (በሚሞሪ ቺፕ የሚሠራ ዲስክ) ውጭ አገር እንኳ ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታከልበት ከ10 ሺህ ብር ያልፋል። በዚያ ላይ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የሚሞሪ ዋጋ ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አልታየም። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ቺፑን እየጠራረጉ ሲገዙት፣ ማይክሮን በዲሴምበር 2025 ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ሸማች ሲያቀርብ የኖረውን ንግድ እንደሚያቆም አስታወቀ። ይህንንም ዜና አንብቤዋለሁ፤ ከፍላሹ ዋጋ ጋር ግን አላገናኘሁትም። እናንተ አገናኙት። ፋብሪካው ራሱ ዋጋ በጨመረበት ጊዜ አንድ ሻጭ ከሰባት እጥፍ በላይ ካረከሰ፣ የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው።

ያጣሁትን ደግሞ ስሙኝ።

አያቴ ደብረ ብርሃን ነበር የሚኖሩት። ከማረፋቸው በፊት በነበረው ክረምት በስልኬ ቀረጽኳቸው፤ 41 ቪዲዮ። እንዝርቷን እያሾሩ፣ ጥጡን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣታቸው እየሳቡ፣ በልጅነታቸው ስለነበረው ገበያ ያወራሉ። መሀል ላይ ክሩ ሲበጠስባቸው ዝም ይላሉ፣ ይቀጥሉታል፣ ወሬውንም ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ስልኬ ሲሞላ ሁሉንም ወደዚህ ፍላሽ ገለበጥኩ፤ 86 ጊጋ። ሲያልቅ ስሞቹ በሙሉ ተደርድረዋል፣ የእያንዳንዱም መጠን ልክ ነው። አንዱን ከፈትኩ፣ ሠራ። የመጨረሻውን ነበር የከፈትኩት፤ ይህ ለምን እንዳሳሳተኝ በኋላ ነው የገባኝ። ከስልኬ ደመሰስኩ። ቦታ ስለጠበበኝ ትራሹንም ባዶ አደረግኩት።

የሙት ዓመታቸው ዕለት ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ፍላሹን ቲቪው ላይ ሰካሁ። እናቴ ነጠላዋን አደላድላ ከፊት ተቀመጠች። «እስቲ ያንን እንዝርታቸውን የያዙበትን አምጣው» አለችኝ። የመጀመሪያው ነው። ተጫንኩት፤ ጥቁር ሆነ፣ «ይህን ፋይል ማጫወት አይቻልም» አለ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አሥረኛው፣ ሃያኛው፣ ሁሉም ያው። እናቴ «ቲቪው ይሆናል፣ በላፕቶፑ ሞክረው» አለች። ላፕቶፑም ላይ ያው። ከ41ዱ የሚከፈቱት የመጨረሻዎቹ 13 ብቻ ናቸው። 28ቱ ስም ብቻ ሆነው ቀሩ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ይህ ዕቃ ግን ይለቃል፤ እንዴት እንደሚለቅም ላስረዳ፣ ምክንያቱም ዘዴው ካልገባችሁ ሻጩ ፊታችሁ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ ያሳምናችኋል።

30 ክፍል ያለው ፔንሲዮን አስቡ። እንግዳ ተቀባዩ መዝገቡ ላይ «2,000 ክፍል አለን» ብሎ ጽፏል። የመጀመሪያዎቹ 30 እንግዶች ቁልፋቸውን ተቀብለው ገብተው ይተኛሉ፤ ችግር የለም። 31ኛው ሲመጣ «ሞልቷል» አይባልም። የክፍል 1ን ቁልፍ ይሰጡታል፣ እዚያ የተኛውን በጓሮ በር ያስወጡታል። መዝገቡ ላይ ግን የሁለቱም ስም አለ። 60ኛው እንግዳ ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ በሙሉ ውጭ ናቸው፤ ማንም የቆጠራቸው የለም። ፍላሹም እንዲሁ ነው። ሚሞሪውን የሚቆጣጠረው ትንሽ ቺፕ ውስጥ ያለው ፈርምዌር (ዕቃውን የሚያሠራው የውስጥ ፕሮግራም) ውሸት እንዲናገር ተደርጎ ተቀይሯል። ኮምፒውተሩ «ስንት ትይዛለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፣ «2 ቴራ» ይላል፣ ኮምፒውተሩም አምኖ ይቀበላል። ስለዚህ ፕሮፐርቲስ ከፍቶ ቁጥሩን ማየት ማስረጃ አይደለም። ፎርማት ቢደረግም ያው 2 ቴራ ነው የሚያሳየው። አዲስ የሚጻፈው የፋይሎቹ ስም ዝርዝር የሚቀመጥበትን ክፍል ብዙውን ጊዜ ስለማይነካው ሁሉም ነገር በቦታው ያለ ይመስላል። የእኔ የመጨረሻዎቹ 13 የተረፉትም ለዚህ ነው፤ ከእነሱ በኋላ የመጣ እንግዳ ስላልነበረ። ሌላ ዓይነትም አለ፤ ቦታው ሲያልቅ አዲስ የመጣውን ዝም ብሎ የሚጥል። በእሱ ደግሞ የሚተርፉት የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ሰው ቶሎ የማይነቃበት ምክንያት ጊዜ ነው። በሰከንድ 10 ሜጋባይት በሚጽፍ ርካሽ ፍላሽ ላይ 2 ቴራ ለመሙላት ከ55 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ማን ሁለት ቀን ከሌሊቱ ተቀምጦ ይሞላል? ብዙዎቻችን ፊልም ቤት ሄደን ስምንት ዘጠኝ ጊጋ ፊልምና መዝሙር እናስጭንበታለን፤ ለወራት በደንብ ይሠራል። የሚነቃው ዕቃውን አምኖ ብዙ የጫነበት ዕለት ነው፤ ብዙ የሚጭን ሰው ደግሞ የሚጭነው የሚሳሳለትን ነገር ነው።

ፕላስቲኩን በቢላ ፈልቅቄ ከፈትኩት። ከውጭ ብረት የሚመስለው ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ውስጡ ጥፍር የምታክል ማይክሮኤስዲ ካርድ ቀጭን ሰሌዳ ላይ ተሰክታለች፤ ምንም ጽሑፍ የላትም፣ የሠራት ድርጅት ስምም የለባትም። እንዳትንቀሳቀስ ትኩስ ሙጫ ጠብ አድርገውባታል፤ ክሩ እንኳ አልተቆረጠም፣ እንደ ሸረሪት ድር ተንጠልጥሏል። በ2022 አንድ የኮምፒውተር ደኅንነት ተመራማሪ «30 ቴራ ኤስኤስዲ» ተብሎ በ30 ዶላር ገደማ የተሸጠ ዕቃ ከፍቶ ሲያሳይ ያየሁትም ይህንኑ ነበር፤ ሁለት ማይክሮኤስዲ በሙጫ። ያኔ በአድናቆት አንብቤ አለፍኩት። የሩቅ አገር ወሬ መስሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ላስተካክል፣ ሐቀኛ ነጋዴ በከንቱ እንዳይወቀስ። 64 ጊጋ ገዝታችሁ ዊንዶውስ 59 ቢያሳያችሁ አልተሰረቃችሁም። ፋብሪካው በሺህ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024። ለዚህ ነው ትክክለኛ 1 ቴራ 931 ጊጋ፣ ትክክለኛ 2 ቴራ ደግሞ 1.81 ቴራ ሆኖ የሚታየው። ለዚህ ከሱቅ ሰው ጋር አትጣሉ።

አሁን ስለ መፈተኛው። ሁሉም ነፃ ናቸው። ዊንዶውስ ያለው ሰው ቫሊድራይቭ የሚባለውን ያውርድ፤ ስቲቭ ጊብሰን የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ፕሮግራም ባለሙያ የሠራው ነው። ፍላሹ ላይ ከዳር እስከ ዳር 576 ቦታ እየነካ ይጽፋል፣ ያነባል፣ የነበረውንም ይመልሳል። ውጤቱን በካሬዎች ይሥላል፤ እውነት ያለበት አረንጓዴ፣ የሌለበት ቀይ። የእኔው ፍላሽ ላይ ከላይ ጥቂት አረንጓዴ ታየ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ታች ድረስ ቀይ በቀይ ሆነ። ጊዜ ያለው ደግሞ ኤች2ቴስትደብሊው የሚባለውን የጀርመኖች ፕሮግራም ይጠቀም፤ ባዶ ፍላሽ ይፈልጋል፣ እስኪሞላ ጽፎ መልሶ ያነባል፣ ስንት ጊጋው እውነት እንደሆነ በቁጥር ይነግራል። ሊኑክስና ማክ ያላችሁ ኤፍ3 አለላችሁ። ላፕቶፕ የሌላችሁ ለፍላሹ ከመክፈላችሁ በፊት ፊልም የሚጭንላችሁን ልጅ «በቫሊድራይቭ እይልኝ» በሉት፤ ሻይ ጋብዙት፣ ደቂቃዎች ናቸው የሚፈጅበት። «ሳትፈትን ውሰድ፣ ዋስትና እሰጣለሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ዋስትናውን ወረቀት ላይ ይጻፈው።

ደረሰኝ ሳትይዙም አትግዙ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። 29 ጊጋውን 2 ቴራ ብሎ መሸጥ ይህን በቀጥታ መጣስ ነው። እኔ ግን የገዛሁት ሞተረኛ በር ላይ አስረክቦኝ ነው፤ ገንዘቡን በስልክ ላኩ፣ ደረሰኝ አልተቀበልኩም፣ የሱቁንም አድራሻ አላውቅም። የምከስበት ወረቀት በእጄ የለም።

ገዝታችሁ ከሆነ ዕቃው ላይ ምንም አትጨምሩ። በእያንዳንዱ አዲስ ፋይል አንድ አሮጌ ልታጡ ትችላላችሁ። ፎርማትም አታድርጉ። የሚከፈተውን ሁሉ ዛሬ ማታ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ፣ ፈተናውን ከዚያ በኋላ ጀምሩ። ከስልክ የደመሰሳችሁት ካለ ትራሹን እዩ፤ ጉግል ፎቶስም ሆነ አይፎን የተደመሰሰውን ቢያንስ ለ30 ቀን ያቆያሉ። እኔ ባዶ ባላደርገው ኖሮ ዛሬ 41ዱም በእጄ ነበሩ። ፎቶሬክ በሚባለው ፕሮግራም ሦስት ሌሊት ስፈልግ አነጋሁ፤ በላዩ ሌላ የተጻፈበትን ግን ማንም ፕሮግራም አይመልሰውም። በገንዘብ «እናስመልሳለን» ለሚሉም ለዚህ ብላችሁ አትክፈሉ፤ የሚመለስ ነገር ውስጡ የለም።

ለሻጩ ደውዬ ነበር። መጀመሪያ «ቫይረስ አስገብተህበት ነው» አለኝ። የፈተናውን ውጤት ፎቶ ስልክለት «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ጻፈና ብሎክ አደረገኝ። ትናንት በወንድሜ ስልክ ቻናሉን ከፍቼ አየሁት። «4 ቴራ ገባ፣ 1,800 ብር፣ ጥቂት ነው የቀረው» የሚል አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ፎቶው ላይ ያለው ፕላስቲክ እኔ በቢላ የፈለቀቅኩት ያው ራሱ ነው፤ የተቀየረው ላዩ ላይ የታተመው ቁጥር ብቻ ነው።