የተጎጂን ንቃተ ህሊና ለመመዘን፦ ኤቪፒዩ ወይስ የግላስጎው መለኪያ?

በጅማ ከባጃጅ ወይም ከሞተር ሳይክል አደጋ በኋላ ድንገተኛ ክፍል የደረሰ ተጎጂ፣ የአየር ቧንቧው፣ አተነፋፈሱና የደም ዝውውሩ ከታዩ በኋላ ንቃተ ህሊናው ይመዘናል፤ ለዚህም ነርሶች ሁለት መንገዶች አሏቸው።

አጭሩ ኤቪፒዩ ነው፦ ተጎጂው ነቅቷል፣ ለድምፅ ይመልሳል፣ ለሕመም ብቻ ይመልሳል፣ ወይም ጨርሶ አይመልስም። በሰከንዶች ስለሚያልቅ ብዙ ተጎጂዎች በአንድ ጊዜ ሲመጡ ተመራጭ ነው።

በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው የግላስጎው መለኪያ ግን የዓይን መከፈትን ከ4፣ ንግግርን ከ5፣ እንቅስቃሴን ከ6 እየመዘነ ከ3 እስከ 15 ድምር ይሰጣል፤ ድምሩ 8 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የአየር ቧንቧው ለአደጋ ስለሚጋለጥ ሐኪም ወዲያው መጠራት አለበት። ጭንቅላቱ ለተመታ ሰው እኔ ይህንኑ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ከ13 ወደ 11 የወረደውን ታካሚ ኤቪፒዩ በሁለቱም ጊዜ «ለድምፅ ይመልሳል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሆኖም የንግግር ነጥቡ ጥንቃቄ ይሻል፦ አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚችልን አባት በአማርኛ «አሁን የት ነዎት?» ብሎ ጠይቆ ዝምታቸውን እንደ ራስ መሳት መመዝገብ ውጤቱን ያለ አግባብ ያወርደዋል። ስለዚህ በቋንቋቸው ይጠየቁ፤ በካርዱም ላይ ድምሩ ብቻ ሳይሆን ሦስቱም ነጥቦች ከነሰዓታቸው ይጻፉ።