ኢሽ ስሚዝ ወይስ ስቴፎን ማርበሪ? የሁለት ተጓዥ ጋርዶች መንገድ

ኢሽ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2010 ከዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ዕለት ስሙን የጠራ የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ክለብ አልነበረም። በኋላ ግን 13 ክለቦች ተራ በተራ ማሊያቸውን አለበሱት፤ ይህም የሊጉ ክብረ ወሰን ነው። ፈጣን ነበር፤ ዋናው ጋርድ (ኳስ ይዞ ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋች) ሲያርፍ ገብቶ ጨዋታውን ያስኬድ ነበር። በ2023 ከዴንቨር ጋር ሻምፒዮን ሆኗል፣ ምንም እንኳ ዋንጫውን ያመጡት በዋናነት የቡድኑ ኮከቦች ዮኪችና መሬይ ቢሆኑም።

ማርበሪ በተቃራኒው በ1996 በ4ኛነት የተመረጠ፣ ሁለት ጊዜ በኮከቦች ጨዋታ የተሰለፈ ሰው ነው። ከኒውዮርክ ኒክስ ጋር ተቃቅሮ ከተለያየ በኋላ ቦስተን ጥቂት ቆይቶ በ2010 ቻይና ገባ። ያኔ ብዙዎች «አበቃለት» ብለው ነበር። ክለቦቹ መጀመሪያ ሻንሺ፣ ቀጥሎ ፎሻን፣ ከዚያ ቤይጂንግ ነበሩ። ቤይጂንግን በ2012፣ በ2014 እና በ2015 ለሻምፒዮንነት አበቃ፤ ሐውልትም ቆመለት። ለአሜሪካዊ ጋርድ፣ ያውም በቻይና ዋና ከተማ!

እኔን የሚማርከኝ የማርበሪ መንገድ ነው። ያልተመረጠ ወጣት ምክር ቢጠይቀኝ ግን የስሚዝን እጠቁመዋለሁ፤ ማርበሪ ቻይና ሲደርስ ዝናው ቀድሞት ገብቶ ነበርና።